ለሕዝብ ድምፅ ስለሚቀርብ ጉዳይ አስቀድሞ እውነቱን ስለ መመርመር

ሕዝብ እንደራሴውን ሲመርጥ የሚመርጠው ሰውን ነው። የሰው ጠባይ ደግሞ በአገሩ ሰዎች ዘንድ አይሰወርም። የማን ልጅ እንደ ሆነ፣ በገበያ ቃሉን ይጠብቅ እንደ ሆነ፣ በድኻና በባለጸጋ መካከል ሲገባ ያዳላ እንደ ሆነ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አንዳንድ ጊዜ ለሕዝብ ድምፅ የሚቀርበው ሰው መሆኑ ቀርቶ ጉዳይ ይሆናል። ይኸውም አንድ ሕግ ይጽና ወይስ ይሻር፣ ግብር ይጨመር ወይስ ይቅር፣ አንድ አገር ለብቻው ይደራጅ ወይስ ከጎረቤቱ ጋራ እንደ ኖረ ይኑር ተብሎ በወረቀት ላይ የተጻፈ ጥያቄ ነው። እንዲህ ያለ ጥያቄ ዘመድና ጎረቤት የለውም፤ ጠባዩም በፊቱ ላይ አይነበብም። የሚታወቀው በማንበብና በመጠየቅ ብቻ ነው። ይህ አሠራር በአሁኑ ዘመን አነጋገር ሕዝበ ውሳኔ ይባላል።

መምህራንና ፊደል የምታውቁ ሽማግሌዎች ሆይ፣ ነገሩ ከሁሉ ይልቅ እናንተን የሚመለከትበት ምክንያት አለ። በገጠር አንድ ሰው የሚያነበው ለራሱ ብቻ አይደለም። ወረቀት በመጣ ጊዜ ጎረቤት ተሰብስቦ «እስቲ ምን ይላል?» ብሎ የሚጠይቀው እናንተን ነው። ያነበባችሁት ቃል ቢጎድል ወይም ቢጣመም፣ ስሕተቱ በአንድ ሰው ድምፅ ላይ ብቻ አይቀርም፤ የመንደሩን ሁሉ እጅ ይዞ ወደ ሳጥኑ ይገባል። በሸንጎ የተሳሳተ ፍርድ በይግባኝ ሊቃና ይችላል፤ በምስጢር የተሰጠ ድምፅ ግን ከሳጥን ከገባ በኋላ ሰጪው መልሶ ሊያወጣው አይችልም። ስለዚህ ስለ አንድ ጉዳይ ድምፅ ከመስጠት በፊት እውነተኛው ወሬ ከወዴት እንደሚገኝ፣ ሐሰተኛውስ በምን እንደሚለይ፣ በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ከቆዩት አገሮች ልማድና በአገራችንም ከሆነው ነገር እየጠቀስን እንገልጻለን። የውጭ አገር ነገር በምንናገርበት ስፍራ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን ግን በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ይህ ልማድ እጅግ የጸናባቸው ስፍራዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው የስዊስ አገር ነው፤ በዚያ ሕዝቡ በየዓመቱ ሦስት ወይም አራት ጊዜ እየተጠራ ስለ ሕግ ጉዳይ ድምፁን ይሰጣል። ሁለተኛው ከአሜሪካ ክፍላተ ሀገር ብዙዎቹ፣ ይልቁንም በምዕራብ በኩል ያሉት ኦሪጎንና ካሊፎርኒያ ናቸው። በእነዚህ አገሮች የተወሰነ ቁጥር ያለው ሕዝብ ፊርማውን አሰባስቦ ያቀረበ እንደ ሆነ፣ ራሱ የጻፈውን ሕግ ለመላው መራጭ ለማቅረብ፣ ምክር ቤት ያወጣውንም ሕግ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ለሕዝብ ፍርድ ለማስቀረብ ይችላል።

እንግዲህ ከሁሉ አስቀድሞ የሚመረመረው የጥያቄው ቃል ራሱ ነው። ይህ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው የሚሰናከለው በዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት በ2020 ልዩ ልዩ ጣዕም የተጨመረበት ትምባሆ ከጥቂቱ በቀር በሱቅ እንዳይሸጥ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ይህን ሕግ የጠሉ የትምባሆ ኩባንያዎች ፊርማ አሰባስበው ነገሩ ለሕዝብ እንዲቀርብ አደረጉ፤ በ2022ም ቁጥር 31 ተብሎ ቀረበ። ጉዳዩን ወደ ሕዝብ ያመጡት ሕጉን ለማፍረስ የፈለጉት ናቸውና፣ አንድ ሰው «አዎን ያለ ሰው ከእነርሱ ጋራ ተባበረ» ብሎ ቢያስብ አይፈረድበትም። በወረቀቱ ላይ የነበረው ትርጓሜ ግን ተቃራኒው ነበር፤ «አዎን» ያለ ሕጉን ያጸናል፣ «አይሆንም» ያለ ሕጉን ያፈርሳል። ከ100 ድምፅ ሰጪ 63 ያህሉ «አዎን» ብለው ሕጉን አጸኑት። ትምባሆውን ጠልቶ ክልከላውን እየወደደ፣ ትርጓሜውን ሳያጣራ «አይሆንም» የሚል ሰው ቢኖር፣ ከገዛ ፈቃዱ ጋራ ተጣልቶ ይወጣል ማለት ነው።

ለዚህ መድኃኒት እንዲሆን የካሊፎርኒያ መንግሥት ለመራጮች በሚያሳትመው መጽሐፍ ውስጥ «አዎን ማለት ይህን ያደርጋል፤ አይሆንም ማለት ይህን ያደርጋል» የሚል አጭር ትርጓሜ ለየብቻው ያወጣል። ከዚህም ጋራ ሕጉ በአገሩ ገንዘብ ላይ የሚያመጣውን ወጪና ገቢ፣ በ1941 የተቋቋመው የምክር ቤቱ የሒሳብ መርማሪ መሥሪያ ቤት ለማንም ሳያደላ ጽፎ ያወጣል። መጽሐፉ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ለ20 ቀን ለሕዝብ እይታ ይቀመጣል፤ በዚህ ጊዜ ውስጥ ሐሰት ወይም የሚያሳስት ቃል ያገኘ መራጭ ለፍርድ ቤት አመልክቶ ሊያሳርመው ይችላል። ይህ የመጨረሻው ነገር በእኛ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጥ ነው፤ ጽሑፍ የሚታመነው ተቃዋሚው አይቶት ለመንቀፍ ጊዜ ባገኘ መጠን ነውና።

በኦሪጎን ያለው ሥርዓት ደግሞ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይሆንም። ያ አገር ይህን መብት ለሕዝቡ የሰጠው በ1902 ነው፤ በማግሥቱም ዓመት ለመራጮች መጽሐፍ እንዲታተም በሕግ ተወሰነ። መጽሐፉ ዛሬም በፖስታ ወደ እያንዳንዱ ቤት ይላካል። በመጽሐፉ ውስጥ ስለ እያንዳንዱ ጥያቄ ከ500 ቃል የማይበልጥ ማብራሪያ አለ፤ ይህንም ማብራሪያ የሚጽፉት አምስት ሰዎች ናቸው። ሁለቱ ሕጉን ካቀረቡት ወገን ይሾማሉ፤ ሁለቱ ከተቃዋሚዎቹ ይሾማሉ፤ አራቱም ተስማምተው አምስተኛውን ይመርጣሉ፤ መስማማት ቢያቅታቸው ምርጫውን የሚያስተዳድረው ሹም ይሾምላቸዋል። በአገራችን ሁለት የተጣሉ ሰዎች ለየራሳቸው ሽማግሌ ጠርተው፣ ከመካከልም አንድ ሰብሳቢ አስቀምጠው ነገራቸውን እንደሚጨርሱ ማለት ነው። ልዩነቱ እነዚህ አምስቱ ፍርድ የማይሰጡ መሆናቸው ነው። ሥራቸው «ሕጉ ቢጸና ይህ ይሆናል» ብሎ ሁለቱም ወገን ሊክዱት በማይችሉት ቃል መጻፍ ብቻ ነው። በጻፉት ቃል ያልረካ ሰው ቢኖር እስከ አገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሊከራከር ይችላል።

ነገር ግን በዚያው መጽሐፍ ውስጥ፣ በዚያው ወረቀትና በዚያው ቀለም የታተመ ሌላ ዓይነት ጽሑፍም አለ። ይኸውም የደጋፊዎችና የተቃዋሚዎች ክርክር ነው። በ2020 ምርጫ ጊዜ ማንም ሰው 1200 ዶላር የከፈለ ወይም የ500 መራጮች ፊርማ ያቀረበ እንደ ሆነ ከ325 ቃል የማይበልጥ ክርክሩን በመጽሐፉ ውስጥ ያሳትም ነበር። መንግሥት የዚህን ቃል እውነተኛነት አይመረምርም፤ ከየክርክሩ ግርጌም «መንግሥት ይህን አሳተመ እንጂ ለእውነተኛነቱ ዋስ አይሆንም» የሚል ማስታወቂያ በትንንሽ ፊደል ይጻፋል። ከዚህም የተነሣ አንዳንድ ጊዜ ተቃዋሚዎች ገንዘብ ከፍለው፣ በደጋፊዎች ገጽ ውስጥ የደጋፊ መስሎ የሚናገር የሹፈት ጽሑፍ አሳትመዋል። እንግዲህ «በመንግሥት መጽሐፍ ታትሟልና እውነት ነው» ብሎ የሚያምን ሰው፣ የአምስቱን ሽማግሌዎች ቃልና የባለገንዘቡን ቃል አንድ አድርጎ ይቈጥራል። አንባቢው ገጹን ሲገልጥ መጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህን የጻፈው ማን ነው? ከመታተሙስ በፊት ማን አየው?» ብሎ ነው።

ክርክር አይነበብ ማለታችን ግን አይደለም። የክርክር ጽሑፍ ሌላ ጥቅም አለው፤ ከግርጌው ያለው ስም ብዙ ይናገራል። ስለዚህ ነገር የታወቀ ማስረጃ የሚሆነን በካሊፎርኒያ በ1988 የሆነው ነው። በዚያ ዓመት ስለ ኢንሹራንስ ጉዳይ አምስት የተለያዩ ሕጎች በአንድ የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ቀረቡ። አንዳንዱን ያቀረቡት የኢንሹራንስ ኩባንያዎች፣ አንዳንዱን የጥብቅና ማኅበሮች፣ አንዱን ደግሞ ለኢንሹራንስ ገዢዎች የሚሟገቱ ሰዎች ነበሩ። ቃላቸው ረጅምና የተወሳሰበ ስለ ነበረ፣ የሕግ አዋቂ ካልሆነ በቀር አምስቱን ለይቶ ማወቅ የሚችል ሰው ጥቂት ነበረ። ኩባንያዎቹ በዚያ ምርጫ ከ60 ሚልዮን ዶላር በላይ አወጡ። በመጨረሻ ግን የጸናው ሕግ አንድ ብቻ ሆነ፤ እርሱም የገዢዎች ተሟጋቾች ያቀረቡት ቁጥር 103 ነው፤ ከ100 51 ያህል ድምፅ አግኝቶ አለፈ።

አርተር ሉፒያ የሚባል የፖለቲካ ትምህርት ሊቅ በሎስ አንጀለስ አጠገብ ያሉትን መራጮች ጠይቆ ያገኘውን በ1994 አሳተመ። ሕጎቹን በዝርዝር የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ነበሩ። ዝርዝሩን የማያውቁ፣ ነገር ግን የኢንሹራንስ ኩባንያዎች የትኛውን እንደ ደገፉና የትኛውን እንደ ተቃወሙ የሚያውቁ ሌሎች ሰዎች ነበሩ። የእነዚህ የሁለተኞቹ ድምፅ ዝርዝሩን ከሚያውቁት ድምፅ ጋራ እጅግ ተቀራረበ። ሕጉንም ሆነ ደጋፊውን የማያውቁት ግን ከሁለቱም ርቀው ተገኙ። ስለዚህ ሙሉውን ሕግ ለማንበብ ጊዜ ወይም ዕውቀት ያጣ ሰው፣ ቢያንስ ከነገሩ በስተኋላ የቆመው ማን እንደ ሆነና ገንዘቡን ያወጣው ማን እንደ ሆነ ቢጠይቅ ባዶ እጁን አይቀርም። ሆኖም ይህን መንገድ እንደ ብቸኛ መንገድ መያዝ አይገባም። ባለጸጋ የደገፈው ሁሉ ክፉ፣ ድኻ የደገፈው ሁሉ መልካም አይደለም፤ ጠላትም አንዳንድ ጊዜ እውነት ይናገራል። የደጋፊው ስም የሚጠቅመው አንባቢው በየትኛው መስመር ላይ ቆሞ ሁለተኛ ጊዜ ማንበብ እንደሚገባው ለማመልከት ነው።

በዚያው በኦሪጎን በ2010 ሌላ ነገር ተሞከረ። ከመራጮች መካከል 24 ሰዎች በዕጣ ተለዩ፤ ገበሬም፣ ነጋዴም፣ ጡረተኛም ሊወጣበት በሚችል ዕጣ ማለት ነው። እነዚህ ሰዎች አምስት ቀን ተቀምጠው አንድን ሕግ መረመሩ፤ ደጋፊዎችን ጠሩ፣ ተቃዋሚዎችን ጠሩ፣ አዋቂዎችን ጠየቁ። ቁጥር 73 የተባለው ይህ ሕግ በነውር ወንጀል ደጋግመው በሚገኙ ሰዎች ላይ የ25 ዓመት እስራት፣ ሰክረው ደጋግመው መኪና በሚነዱም ላይ እስራት የሚወስን ነበር። ቃሉን ብቻ የሰማ ሰው ማን ይቃወመዋል? ነገር ግን መርማሪዎቹ እያንዳንዱን አንቀጽ ሲጠይቁ፣ ወጣቶች በስልክ የሚላላኩት የነውር ሥዕል እንኳ በዚህ ሕግ ለ25 ዓመት እስራት ሊያበቃ እንደሚችል ተረዱ። ከ24ቱ 21 ሕጉን ተቃወሙ፣ 3 ደገፉ፤ ምክንያታቸውም ከሁለቱም ወገን በመጽሐፉ ውስጥ ታተመ። የመረመሩት ሊቃውንት እንደ ጻፉት፣ ይህን ገጽ ካነበቡ ሰዎች መካከል ሕጉን የሚደግፉት ካላነበቡት እጅግ ያነሱ ሆነው ተገኙ። ሆኖም ብዙው ሕዝብ ገጹን ሳያየው ስለ ቀረ ሕጉ በድምፅ ብልጫ ጸና። ዕውቀት በመጽሐፍ ታትሞ በደጅ መቀመጡና በሕዝብ ጆሮ መግባቱ ሁለት ነገር መሆናቸውን ከዚህ እናያለን፤ በመካከላቸው ያለውን ሥራ የሚሠራው አንባቢ ነው።

አሁን ደግሞ «መንግሥት ያሳተመውን የመረጃ መጽሐፍ ካነበብሁ ይበቃኛል» ለሚል ሰው የስዊስን ነገር እንንገረው። በስዊስ አገር እያንዳንዱ መራጭ ድምፅ ከሚሰጥበት ቀን ሦስት ወይም አራት ሳምንት አስቀድሞ የመንግሥቱን ማብራሪያ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ይቀበላል፤ ሕጉን ያቀረበው ወገንም በውስጡ የራሱ ገጽ አለው። ይህ መጽሐፍ በሕዝቡ ዘንድ እጅግ የታመነ ነው። በ2016 ፌብሩዋሪ 28 ቀን፣ በሕግ የተጋቡ ባልና ሚስት ሳይጋቡ አብረው ከሚኖሩት ይልቅ ግብር እንዳይበዛባቸው የሚያደርግ ሕግ ለሕዝብ ቀረበ። በመጽሐፉ ውስጥ ሁለቱም ሠራተኞች ከሆኑት ባልና ሚስቶች መካከል የተጎዱት 80 ሺህ ያህል ናቸው ተብሎ ተጻፈ። ሕዝቡም ከ100 50.8 በሆነ ድምፅ «አይሆንም» አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ2018፣ መንግሥቱ ራሱ ሒሳቡን መርምሮ ቁጥሩ 80 ሺህ ሳይሆን 454 ሺህ ያህል እንደ ነበረ ገለጸ።

ነገሩ ወደ ፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ፍርድ ቤቱም በ2019 አፕሪል 10 ቀን የ2016ቱን ድምፅ ሻረው። በአዲሱ የስዊስ መንግሥት ታሪክ ለመላው አገር የተሰጠ ድምፅ በፍርድ ቤት ሲሻር ይህ የመጀመሪያው ነበር። ዳኞቹ የተመለከቱት ሁለት ነገር ነው፤ ስሕተቱ ትልቅ መሆኑንና የድምፁ ልዩነት ጥቂት መሆኑን። ሕዝቡ እውነተኛውን ቁጥር ቢያውቅ ኖሮ ሌላ ሊወስን ይችል ነበርና። ቁጥር ሲነበብ «ይህ ከወዴት መጣ? መቼ ተቈጠረ? ማን ቈጠረው?» ብሎ መጠየቅ ለመንግሥት ጽሑፍም ቢሆን ነውር ያለመሆኑን ይህ ፍርድ ያስረዳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በጥር 24 ቀን 1979 ዓ.ም. ሕዝቡ ስለ ኢትዮጵያ ሕዝባዊ ዲሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት ድምፁን እንዲሰጥ ተጠርቶ ነበር። ከዚያ በፊት የሕጉ ረቂቅ በብዙ ቅጅ ታትሞ በየቀበሌው ተነቦ ነበር። ስለዚህ ወረቀት አልጎደለም፤ ስብሰባም አልጎደለም። የጎደለው ተቃዋሚ ነው። በዚያ ዘመን አገሩን የሚያስተዳድረው አንድ ፓርቲ ብቻ ነበርና፣ ሕጉ አይሆንም የሚል ሰው ምክንያቱን አሳትሞ የሚያሰራጭበት መንገድ አልነበረም። ከ100 81 ደገፉ ተብሎ ተነገረ። የዚህን ቁጥር ትርጓሜ ለመፍረድ አስቸጋሪ የሚያደርገው ሕዝቡ አንድ ወገን ብቻ መስማቱ ነው፤ ከሳሽ ብቻ ቀርቦ የተናገረበት ችሎት ይመስላል።

በ1987 ዓ.ም. በጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 47 ግን ክልል የመሆን ጥያቄ ለሕዝብ ድምፅ እንዲቀርብና በድምፅ ብልጫ እንዲወሰን ተጽፏል። በዚህ ሕግ መሠረት ብሔራዊ ምርጫ ቦርድ በኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የሲዳማን ሕዝብ ድምፅ አሰባሰበ። የድምፅ መስጫው ወረቀት ሁለት ምልክት ነበረበት። ሻፌታ የሚባለው የሲዳማ የባህል የምግብ ዕቃ ለብቻ ክልል መሆንን ያመለክታል፤ ጎጆ ደግሞ በደቡብ ክልል ውስጥ መቅረትን ያመለክታል። ፊደል ለማያውቅ ሰው ምልክት መልካም ነገር ነው። ነገር ግን ምልክቱን ማወቅና ጉዳዩን ማወቅ አንድ አይደለም። ጎጆ የሌለው፣ ጎጆም የማይወድ የገጠር ሰው የለም፤ በሻፌታም የሚበላ ሰው ሻፌታን አይጠላም። ለመራጩ የሚነገረው «ይህን ሥዕል ብታመለክት ይህ ይሆናል» ተብሎ እንጂ ሥዕሉን በማመስገን ወይም በመንቀፍ ሊሆን አይገባም።

ከዚህም ሌላ በወረቀቱ ላይ ያልተጻፈ ብዙ ጥያቄ ነበረ። ሐዋሳ ለሲዳማም ለደቡብ ክልልም ከተማ ስለ ነበረች፣ ከውሳኔው በኋላ የማን ትሆናለች? የጋራ ንብረቱ እንዴት ይከፈላል? በሲዳማ የሚኖሩ የሌሎች ብሔረሰቦች ሰዎች መብት በምን ይጠበቃል? ምርጫ ቦርድ ይህን ተመልክቶ፣ ስለ እነዚህ ነገሮች ከድምፁ ቀን አስቀድሞ ውሳኔ እንዲሰጥባቸው የክልሉን ምክር ቤት ጠይቆ ነበር። ድምፁ በተቈጠረ ጊዜ ከ100 98.5 ያህሉ ሻፌታን መረጡ። ብልጫው ይህን ያህል ሆኖ ሳለ እንኳ፣ የቦርዱ ጥያቄ ትክክል ነበር እንላለን። አጭር ጥያቄ ረጅም ጅራት አለውና፣ ጅራቱን ሳያይ ራሱን ብቻ የሚይዝ ሰው በኋላ ይደናገጣል። ከዚያም በመስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. በደቡብ ምዕራብ፣ በጥር 29 ቀን 2015 ዓ.ም. በሌሎች አንዳንድ የደቡብ ዞኖች እንዲህ ያለ ድምፅ ተሰጠ። በዚህ በመጨረሻው በወላይታ ዞን የሥርዓት ጉድለት ስለ ተገኘ ቦርዱ የዞኑን ውጤት ሰርዞ በሰኔ 12 ቀን 2015 ዓ.ም. እንደ ገና አስመረጠ።

የቋንቋ ነገርም አለ። ሕግ የተጻፈበት ቋንቋ የመራጩ ቋንቋ ባልሆነ ጊዜ፣ ተርጓሚው ሁለተኛ ሕግ አውጪ ይሆናል። ይህን ከሚያውቁት መካከል በአሜሪካ ዋና ከተማ በዋሽንግተን የሚኖሩ ወገኖቻችን ይገኛሉ። በዚያች ከተማ በ2004 በወጣ ሕግ መሠረት መሥሪያ ቤቶች ከሚያገለግሉባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። የምግብ ቤት አስተናጋጆች ደመወዝ ከሌላው ሠራተኛ ያነሰ እንዲሆን፣ ጉርሻቸውም እንደ ደመወዝ እንዲቈጠር የሚፈቅደው ልማድ ይቅር የሚል ሕግ በ2018 ለከተማይቱ ሕዝብ ቀርቦ አለፈ፤ የከተማይቱ ምክር ቤት ግን በዚያው ዓመት ሻረው። በ2022 ያው ነገር እንደ ገና ቀርቦ በሰፊ ብልጫ ጸና። ባለ ምግብ ቤቶችም አስተናጋጆችም ከየወገኑ የሚደግፉና የሚቃወሙ ነበሩ። የኢትዮጵያ ምግብ ቤት በዚያች ከተማ ብዙ ስለ ሆነ፣ ከወገኖቻችን አንዱ ከፋይ ሌላው ተከፋይ ሆኖ በአንድ ማዕድ ላይ የተከራከረበት ጉዳይ ነው። «ሠራተኛን የሚጠቅም ሕግ» ወይም «ምግብ ቤትን የሚዘጋ ሕግ» የሚለው ስም ለሁለቱም አይበቃም ነበር። የሚበቃቸው ደመወዙ በየትኛው ዓመት ስንት እንደሚሆን፣ ጉርሻውም ለማን እንደሚቀር የሚናገረውን አንቀጽ በሚገባቸው ቋንቋ ማንበብ ነው።

እንግዲህ በመንደራችሁ እንዲህ ያለ ጉዳይ የቀረበ እንደ ሆነ፣ ሥራው ከድምፁ ቀን ቢያንስ ሦስት ሳምንት አስቀድሞ ቢጀመር መልካም ነው። በመጀመሪያ የጥያቄው ሙሉ ቃል ከምርጫ ቦርዱ ጽሕፈት ቤት ወይም ከምርጫ ጣቢያው ሹም በማኅተም የተረጋገጠውን መቀበል ያስፈልጋል። በስልክ የመጣ ወረቀት የቦርዱ አርማ ስላለበት ብቻ አይታመንም፤ አርማ ዛሬ ማንም ልጅ ሊቀዳው ይችላል። የቀኑ መለወጥ፣ የምልክቱ መለወጥ፣ የእገሌ መውጣት በስልክ የተነገረ እንደ ሆነ፣ ቦርዱ ራሱ በራዲዮ ወይም በጽሑፍ እስኪያረጋግጥ ድረስ ለሌላ ሰው ማስተላለፍ አይገባም።

ከዚያ በኋላ ቃሉ በተሰበሰበው ሰው ፊት ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያለ ማብራሪያ ይነበብ። ማብራሪያ ከንባቡ ጋራ የተቀላቀለ እንደ ሆነ፣ ሰሚው የሕጉን ቃልና የአንባቢውን ዐሳብ ለይቶ ማወቅ አይችልም። ሁለተኛ የደጋፊው ምክንያት፣ ሦስተኛ የተቃዋሚው ምክንያት ይነበብ፤ ቢቻል በሁለት የተለያዩ አንባቢዎች አፍ ቢሆን ይሻላል፤ አንድ ሰው የወደደውን ከፍ ባለ ድምፅ፣ የጠላውን በተሰላቸ ድምፅ ማንበቡ አይቀርምና። በሁለቱም ወገን ጽሑፍ ውስጥ ተመሳሳይ ሆኖ የተገኘው ነገር ለብቻው ይጻፍ፤ ደጋፊም ተቃዋሚም ያልካዱት ስለ ሆነ እንደ ጠንካራ ድንጋይ የሚረገጥ እርሱ ነው። የተለያዩበት ነገር ደግሞ በጥያቄ መልክ ይጻፍና ለወረዳው የምርጫ ሹም ይላክ። ሹሙ መልስ ያልሰጠበት ጥያቄ ቢቀር፣ «ይህ አልተመለሰም» ተብሎ ለሕዝቡ በግልጥ ይነገር እንጂ በግምት አይሞላ።

አንባቢው ራሱ ምን እንደሚመርጥ በንባቡ ቀን ባይናገር ይሻላል። በሌላ ቀን በጎረቤትነት ሲጠየቅ መናገር መብቱ ነው፤ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ሲናገር ግን ሰሚው ቃሉን ከወረቀቱ የወጣ ይመስለዋል። ሴቶች በውኃና በማገዶ ሥራ፣ እረኞችም በመስክ ስለሚውሉ ንባቡ በአንድ ቀን ብቻ ቢሆን ብዙ ሰው ይቀርበታል፤ በገበያ ማግሥትና በሰንበት ከቀትር በኋላ ሁለት ጊዜ ቢደገም ይበቃል። ከዚያም ወረቀቱ በትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ ልጅ በሚደርስበት ቁመት ይለጠፍ፤ ያመለጠው ሰው በመጣ ጊዜ ተማሪዎቹ ያነቡለታል።